ከማስታወቂያ እስከ ቅጥር ደብዳቤ፦ ለ0 ዓመት ተመራቂ ሥራ ፈላጊ ዝርዝር መመሪያ

ደጋግሞ አመልክቶ መልስ ያጣ ተመራቂ «ያለ ዘመድ ሥራ የለም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። በዝምድና የሚካሄድ ቅጥር መኖሩ አይካድም። ይሁን እንጂ አብዛኛው ማመልከቻ የሚወድቀው ማንም የአመልካቹን ችሎታ ሳይመዝን ነው፤ ሰነድ ጎድሎ፣ የሥራ መደቡ ሳይጠቀስ ቀርቶ፣ ስም ከስም ሳይመሳሰል፣ ቀኑ አልፎ፣ ስልክ ተዘግቶ። እነዚህ ሁሉ አስቀድመው ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው።

ይህ መመሪያ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዛችሁ፣ ያለ ሥራ ልምድ፣ በባንክ፣ በግል ድርጅት፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በግብረ ሰናይ ድርጅት ለምታመለክቱ የተዘጋጀ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

## ደረጃ 1፦ ማስታወቂያ ከመፈለጋችሁ በፊት ሰነዳችሁን አሟሉ

ማስታወቂያ ወጥቶ ሰነድ ማሳደድ ከጀመራችሁ ዘግይታችኋል። እነዚህን አስቀድማችሁ በአንድ ማህደር ሰብስቡ፦

1. ዋናው ወይም ጊዜያዊ ዲግሪ እና የትምህርት ውጤት ማስረጃ (ስቱደንት ኮፒ)።
2. የመውጫ ፈተና ማለፋችሁን የሚያሳይ ማስረጃ። ፈተናው በመላ አገሪቱ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው።
3. የ12ኛ ክፍል፣ ለወሰዳችሁም የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት። «ዲግሪ ካለ ምን ያደርጋል?» አትበሉ፤ ብዙ ቀጣሪዎች ይጠይቃሉ።
4. የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ እና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን)።
5. የተግባር ልምምድ ያደረጋችሁበት ድርጅት ማህተም ያለበት ደብዳቤ።
6. የወጪ መጋራት ውል ግልባጭ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለተማራችሁ።

ስማችሁን በሁሉም ሰነድ ላይ አመሳክሩ። ሰነዶቹን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ስማችሁን ፊደል በፊደል አንብቡ፤ በአማርኛም በላቲን ፊደልም። በጣም የሚያስቸግሩት ጥምር ስሞች ናቸው። የአባታችሁ ስም «ገብረሥላሴ» ሆኖ ዲግሪው ላይ አንድ ላይ፣ መታወቂያው ላይ ደግሞ «ገብረ ሥላሴ» ተብሎ ተነጥሎ ከተጻፈ፣ የኮምፒውተር ቅጹ «ሥላሴ»ን የአያት ስም አድርጎ ይወስደዋል። የሚያጣራው ሰው ደግሞ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ያያል።

*ስሙ ካልገጠመ፦* ስህተቱን ወደ ሠራው መሥሪያ ቤት ሂዱ። ስህተቱ ዲግሪው ላይ ከሆነ የ12ኛ ክፍል ማስረጃችሁን ይዛችሁ ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በጽሑፍ አመልክቱ። የፋይዳው ከሆነ ፋይዳውን ከትምህርት ማስረጃው ጋር እንዲስማማ አስተካክሉት። ማስተካከያው እስኪያልቅ፣ ስሙ እንዲስተካከል ያመለከታችሁበትን ደብዳቤ ግልባጭ ከማህደሩ ጋር አያይዙ።

ቅጂውን በአግባቡ አዘጋጁ። ሰነድ በአልጋ ልብስ ላይ ዘርግቶ፣ ጥላ አጥልቶበት በስልክ የተነሳ ፎቶ አትላኩ። በስካነር ወይም ወረቀትን አስተካክሎ በሚያነሳ የስልክ መተግበሪያ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት። እያንዳንዱን ሰነድ ለብቻው፣ በተጨማሪም ሁሉንም በአንድ ፋይል አስቀምጡ። የፋይሉ መጠሪያ የእናንተ ስምና የሰነዱ ዓይነት ይሁን።

ስልክ ቁጥራችሁን በፍለጋው ጊዜ አትቀይሩ። ስልክ የሚያነሳና መልእክት የሚያደርስ የቅርብ ሰው ሁለተኛ ቁጥርም ያዙ። ቀጣሪ አንድ ጊዜ ደውሎ ካላገኛችሁ የሚቀጥለውን ሰው ይጠራል።

## ደረጃ 2፦ ማስታወቂያ የሚወጣበትን ቦታ በሳምንት መርሐ ግብር ተከታተሉ

አንድ ምንጭ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። የአዲስ ዘመንና የሪፖርተር ጋዜጦችን፣ እንደ ኢትዮጆብስ ያሉ የሥራ ድረ ገጾችን፣ የባንኮችንና የትልልቅ ድርጅቶችን የራሳቸውን ገጾች፣ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርን የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት አካትቱ። በክልል ከተሞች ያላችሁ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ያለውን ሰሌዳ በሳምንት ሁለት ቀን ዙሩ፤ እዚያ ብቻ ተለጥፎ የሚቀር ማስታወቂያ ብዙ ነው።

ለሰው ስትናገሩም ለይታችሁ ተናገሩ። «ሥራ ፈልጉልኝ» የሚል ልመና አጎታችሁ ቢሰማውም የሚያደርግበት ነገር የለውም። «በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር እችላለሁ፣ ቢሾፍቱም ሆነ አዳማ እሄዳለሁ» ስትሉት ግን የሚያስታውሰው ነገር ሰጣችሁት።

ማስጠንቀቂያ፦ ለመቀጠር ገንዘብ አትክፈሉ። በቴሌግራም የሚለቀቁ ብዙ ማስታወቂያዎች ከሌላ ቦታ የተገለበጡ ናቸው፤ የተወሰኑት ጨርሶ የሌሉ ናቸው። ደመወዙ ከገበያው እጅግ የራቀ፣ የድርጅቱ ስም ያልተጻፈ፣ «የመመዝገቢያ» ወይም «የሥልጠና» ገንዘብ በግለሰብ ስም ወደተከፈተ የሞባይል ሒሳብ አስገቡ የሚል ከሆነ ተዉት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛ የሚያገናኝ ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ አይቀበልም። ክፍያ የሚጠይቃችሁ ሁሉ ከሕጉ ውጭ ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ የድርጅቱን ስልክ ከማስታወቂያው ሳይሆን ከራሱ ገጽ ፈልጋችሁ ደውሉ።

## ደረጃ 3፦ ማስታወቂያውን በእርሳስ እያሰመራችሁ አንብቡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጊዜ ስጡት። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አገኛችሁ እንበል፦

«የሥራ መደቡ መጠሪያ፦ ጁኒየር አካውንታንት፤ ተፈላጊ ችሎታ፦ በአካውንቲንግና ፋይናንስ ወይም በተመሳሳይ የሙያ መስክ የመጀመሪያ ዲግሪና 0 ዓመት፤ ብዛት 4፤ የሥራ ቦታ ሐዋሳ፤ ደመወዝ በድርጅቱ ስኬል መሠረት፤ ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 7 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ የማይመለስ ኮፒና ኦርጅናል በመያዝ።»

አንድ በአንድ እንየው።

መጠሪያው። ደብዳቤያችሁና ኢሜይላችሁ ላይ ይኸው ቃል ሳይለወጥ ይጻፍ። «የሒሳብ ሠራተኛ» ብላችሁ ብትተረጉሙት፣ ድርጅቱ በዚያው ሳምንት ሌላ የሒሳብ መደብ ካወጣ ማመልከቻችሁ የተሳሳተ ክምር ውስጥ ይገባል።

«ተመሳሳይ የሙያ መስክ»። የትምህርት ክፍላችሁ ስም በቃል ካልተጠቀሰ ደውላችሁ ጠይቁ። መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ለየመደቡ አግባብ ያለው የትምህርት ዝግጅት ተለይቶ ስለሚቀመጥ፣ የሰው ሀብት ክፍሉ ተመልክቶ ይመልስላችኋል።

የልምድ መጠኑ። «ዲግሪና 2 ዓመት» የሚል የመንግሥት ማስታወቂያ ላይ በ0 ዓመት ማመልከት ጊዜ ማባከን ነው፤ አጣሪው ሊያሳልፋችሁ ቢፈልግ እንኳ አይችልም። የግል ድርጅትና ግብረ ሰናይ ድርጅት ግን የተግባር ልምምዳችሁ ከሥራው ጋር ከተቀራረበ አንዳንዴ ይቀበላሉ፤ እዚያ ሞክሩ። «ግብር የተከፈለበት» ወይም «ከምረቃ በኋላ የተገኘ» የሚል ቃል ካለ የልምምድ ደብዳቤ አይቆጠርም።

የሥራ ቦታው። ሐዋሳ መኖር ካልቻላችሁ አታመልክቱ። ፈተና አልፋችሁ ቅጥር ላይ «አዲስ አበባ ይደረግልኝ» ብትሉ የሌላውን ዕድል ዘግታችሁ የራሳችሁንም ታጣላችሁ።

ቀኑ። «7 ተከታታይ ቀናት» እና «7 የሥራ ቀናት» የተለያዩ ናቸው፤ በሥራ ቀን ቆጠራ እሑድና የሕዝብ በዓል አይገቡም። የወጣበት ቀን ይቆጠራል፣ ቅዳሜ ይቆጠራል እያላችሁ አትሟገቱ፤ በሦስተኛው ቀን አስገብታችሁ ጨርሱ።

የዘመንና የሰዓት አቆጣጠሩ። የግብረ ሰናይ ድርጅቶችና የአንዳንድ ኩባንያዎች ቅጽ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቀኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሙሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ደምሩ፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተመረቀ 2024 ብሎ ይጽፋል። አንዱን ሰነድ በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው አቆጣጠር ከሞላችሁ ሳትማሩ ተመርቃችሁ ትታያላችሁ። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ «ከሰዓት 2፡00» በእኛ 8 ሰዓት ነው። ቀጠሮ ሲነገራችሁ «በኢትዮጵያ ሰዓት ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም።

## ደረጃ 4፦ ሲቪውን ለመደቡ ጻፉት

1. ከሁለት ገጽ አታስበልጡ።
2. ከላይ ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይልና የምትኖሩበትን ከተማ አስቀምጡ። ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የጋብቻ ሁኔታና ቁመት አይጻፉ። ፎቶ ካልተጠየቀ አይለጠፍ።
3. ቀጥሎ ትምህርት፣ የተግባር ልምምድ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የኮምፒውተርና የቋንቋ ችሎታ፣ በመጨረሻ ምስክሮች።
4. ምስክር የሆኑላችሁን ሰዎች አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ስም ስትጽፉ ማዕረጋቸውን አትርሱ።

«ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የሚችል» የሚለውን መስመር አውጡት። ሁሉም ስለሚጽፈው ማንም አያነበውም። በምትኩ የሠራችሁትን ጻፉ። ልዩነቱን ተመልከቱ፦

- ደካማ፦ «በዱቄት ፋብሪካ ለሁለት ወር የተግባር ልምምድ አድርጌያለሁ።»
- ጠንካራ፦ «በዱቄት ፋብሪካ መጋዘን ለሁለት ወር የገቢና የወጪ ንብረት ደረሰኞችን ከቢን ካርድ ጋር አመሳክሬያለሁ፤ በወር መጨረሻ ቆጠራ ተሳትፌ ልዩነቱን በኤክሴል አዘጋጅቼ አቅርቤያለሁ።»

ሁለተኛው ሰው ቢን ካርድ (የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚመዘገብበት የመጋዘን ካርድ) ምን እንደሆነ ያውቃል። ንብረት ክፍል ያለው ቀጣሪ እሱን ይጠራል። ያልሠራችሁትን ግን አትጨምሩ፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ሁለት ጥያቄ ይበቃዋል።

*የልምምዱ ጊዜ ባክኖ የሚጻፍ ከሌለ፦* የመመረቂያ ጽሑፋችሁን አሠራር፣ በክፍል የሠራችሁትን ፕሮጀክት፣ በቤተሰብ ሱቅ ወይም በዕድር የያዛችሁትን መዝገብ ጻፉ። የዕድር ሒሳብ ሁለት ዓመት የያዘ ልጅ ከብዙ ተመራቂ ይልቅ ገንዘብ ያውቃል።

## ደረጃ 5፦ የማመልከቻ ደብዳቤ

በማስታወቂያው ቋንቋ ጻፉ፤ በአማርኛ ከወጣ በአማርኛ። ከአንድ ገጽ በታች ይሁን። ቅርጹ ይህ ነው፦

ቀን፦ ……
ለ…… (የድርጅቱ ሙሉ ስም) የሰው ሀብት አስተዳደር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለጁኒየር አካውንታንት የሥራ መደብ ማመልከቻ ስለማቅረብ

ድርጅታችሁ በ…… ቀን ባወጣው የሥራ ማስታወቂያ መሠረት ከላይ በተጠቀሰው መደብ ለመወዳደር አመለክታለሁ። ከ…… ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግና ፋይናንስ በ2016 ዓ.ም. ተመርቄያለሁ። (እዚህ ላይ ከሥራው ጋር በቀጥታ የሚገናኝ የሠራችሁትን አንድ ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር።) በማስታወቂያው በተገለጸው የሥራ ቦታ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። ማስረጃዎቼን …… ገጽ አያይዤ አቅርቤያለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ

ችግራችሁን አትዘርዝሩ። «ወላጅ የሌለኝ፣ ታናናሾቼን የማሳድግ» ብሎ መጻፍ እውነትና ከባድ ቢሆንም ነጥብ የሚያሰጥበት ሣጥን የለም።

## ደረጃ 6፦ ማመልከቻውን አስገቡ፣ ያስገባችሁትንም መዝግቡ

በአካል ስታስገቡ ኦርጅናሉን ለማመሳከር ብቻ አሳዩና መልሳችሁ ተቀበሉ። መዝገብ ላይ ስማችሁ መጻፉን በዓይናችሁ እዩ፤ የምዝገባ ቁጥር ካለ ያዙ።

በኢሜይል ከሆነ ርዕሱ ላይ የመደቡን መጠሪያና ስማችሁን ጻፉ። ባዶ ኢሜይል ላይ ፋይል ብቻ አያይዛችሁ አትላኩ። በድረ ገጽ ቅጽ ከሆነ «ተቀብለናል» የሚለውን ገጽ ፎቶ አንሱ። በመጨረሻው ቀን ማታ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ሲስተሙም ይጨናነቃል፤ ሰበብ አይሆንላችሁም።

አንድ ደብተር ለዚሁ ሥራ መድቡ። ድርጅቱን፣ መደቡን፣ ያስገባችሁበትን ቀንና የጠየቃችሁትን ደመወዝ ጻፉ፤ የማስታወቂያውን ቅጂ አያይዙ። ከሁለት ወር በኋላ ስልክ ሲደወል «የቱ ነበር?» ማለት ራስን ማስወጣት ነው።

## ደረጃ 7፦ የጽሑፍና የተግባር ፈተና

የዕጩዎች ስም በሰሌዳ፣ በድርጅቱ የቴሌግራም ገጽ ወይም በአጭር መልእክት ይገለጻል። ያመለከታችሁባቸውን ገጾች በየቀኑ ተመልከቱ፤ ጥሪው ከፈተናው አንድ ቀን በፊት ሊወጣ ይችላል።

ባንኮች ብዙውን ጊዜ በምርጫ ጥያቄ እንግሊዝኛ፣ ቀላል ሒሳብ፣ ምክንያታዊ አስተሳሰብና የሙያ መሠረታዊ ዕውቀት ይፈትናሉ። ዋናው ተፎካካሪያችሁ ሰዓቱ ነው። ቤት ውስጥ ስልክ ላይ ሰዓት ሞልታችሁ ተለማመዱ፤ መቶኛ፣ ወለድ፣ ሬሾና የሰንጠረዥ ንባብ ይደጋገማሉ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈተና ላይ ደግሞ የመደቡን ሥራ የሚገዛውን አዋጅና መመሪያ አንብቡ፤ ለግዥ መደብ የግዥ አዋጁን፣ ለሰው ሀብት መደብ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጁን።

ለቢሮ ሥራ የተግባር ፈተና ከተጠራችሁ የአማርኛ ጽሕፈትና ኤክሴል ቀድማችሁ ሞክሩ። ከስልክ ውጭ በኮምፒውተር ጽፎ የማያውቅ ተመራቂ እዚህ ላይ ይወድቃል። ኮምፒውተር ከሌላችሁ ለሦስት ቀን ኢንተርኔት ቤት ከፍላችሁ እጃችሁን አላምዱ።

## ደረጃ 8፦ ቃለ መጠይቅ

ቦታውን ከቀኑ በፊት ሄዳችሁ እዩ። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፤ ኦርጅናል ሰነዶቹን በቅደም ተከተል ያዙ።

ለጠያቂዎቹ «እርስዎ» በሉ፣ ዕድሜያቸው ከእናንተ ቢያንስም። ስማቸውን ካወቃችሁ ከ«አቶ» ወይም «ወይዘሮ» ጋር።

«ስለ ራስህ ንገረን» ሲባል የልደት ቦታና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አትዘርዝሩ። በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ የተማራችሁትን፣ በእጃችሁ የሠራችሁትን፣ ለዚህ መደብ ያመለከታችሁበትን ምክንያት ተናገሩ። ጮክ ብላችሁ ለቤተሰብ ተለማመዱት።

የማታውቁት ጥያቄ ሲመጣ «ይህን አልሠራሁበትም፤ ነገር ግን የምጀምረው እንዲህ ነው» ብላችሁ አስረዱ። መዘባረቅ ከአለማወቅ ይብሳል። ጭንቅላት ጭልም ካለባችሁ «ጥያቄውን ይድገሙልኝ» ማለት ይቻላል።

ደመወዝ። «ስንት ትፈልጋለህ?» ሲባል ያልተጣራና የተጣራውን ለዩ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ያልተጣራ 12,000 ብር ላይ ግብሩ 2,250 ብር ነው፤ ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶ ጡረታ 840 ብር ነው። እጃችሁ የሚገባው 8,910 ብር ይሆናል። ከቤት ኪራይና ትራንስፖርት ጋር አስልታችሁ ግቡ። «የሰጣችሁኝን» አትበሉ፤ ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁጥር ተናገሩና «ያልተጣራ» መሆኑን ግለጹ።

## ደረጃ 9፦ መልስ ሲዘገይ

ይነገራል የተባለው ቀን ካለፈ ከአንድ ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ በትሕትና ደውሉ። መጠባበቂያ ተብላችሁ ከተያዛችሁ ሌላ ቦታ ማመልከት አታቁሙ፤ ስልካችሁን ግን ክፍት አድርጉ፣ ያለፈው ሰው ሲቀር ይጠራችኋል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጤታችሁ ላይ ጥርጣሬ ካላችሁ ለቅሬታ ሰሚው በጽሑፍ አቅርቡ፤ ጊዜው አጭር ስለሆነ ውጤት በተለጠፈ ማግስት ሂዱ።

## ደረጃ 10፦ ዋስ፣ ውልና የሙከራ ጊዜ

ዋስ። ፈተና አልፈው በዋስ ምክንያት ሥራ ያጡ ልጆች አሉ፤ ይህ ያንገበግባል። ገንዘብና ንብረት የሚያስይዝ መደብ ላይ ቀጣሪው ደመወዝተኛ ዋስ ይጠይቃል፤ ዋሱም ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ማጻፍ አለበት። ደብዳቤው ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል ለቃለ መጠይቅ ስትጠሩ ነው ሰው ማናገር ያለባችሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ያልተገለጸበት የዋስትና ውል አይጸናም። ዋሳችሁ የሚፈርምበትን ወረቀት አብራችሁ አንብቡ፤ የገንዘቡ ቦታ ባዶ ከሆነ ሳይሞላ አይፈረም። ዋስ ካጣችሁ ድርጅቱ ከመድን ድርጅት የሚገዛ የታማኝነት ዋስትና ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ።

ኦርጅናል ሰነድ። ዲግሪያችሁን መያዣ አድርጋችሁ አትስጡ። ግድ ካሉ የሰነዱን ዓይነትና የሚመለስበትን ቀን የሚገልጽ ማህተም ያለበት መረከቢያ ተቀበሉ።

ውል። ለግል ድርጅት ተቀጣሪ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይሠራል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የፈረመበት ጽሑፍ ሊሰጣችሁ ይገባል። ደመወዙን፣ የሥራ ቦታውን፣ የሥራውን ዓይነት፣ ውሉ ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ መሆኑን ፈልጉ።

የሙከራ ጊዜ። በዚሁ አዋጅ መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብታችሁ ይችላል፣ እናንተም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላላችሁ። የጀመራችሁበትን ቀን ጻፉና የሥራ ቀናቱን ቁጠሩ። 60ው አልፎ ሥራ ላይ ካላችሁ «ገና ሙከራ ላይ ነህ» የሚል ቃል ተቀባይነት የለውም፤ አገልግሎታችሁም ከመጀመሪያው ቀን ይቆጠራል።

ሥራ ስትለቁ፣ ወይም እየሠራችሁም ቢሆን ስትጠይቁ፣ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ግብር መከፈሉም በዚያው ደብዳቤ ላይ እንዲገለጽ ጠይቁ። ደብዳቤውን ከመቀበላችሁ በፊት ስማችሁን ከዲግሪያችሁ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩት።